የድምቢጥ ክኒን

«ቶሎ በይ፣ እናትሽ ሳትመጣ።»

መጋረጃ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ፎጣ ልትሰቅል ወደ መታጠቢያ ቤቱ ስትሄድ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ታላቅ እህቷ ከመስተዋቱ ስር ጎንበስ ብላ መዳፏን ዘርግታለች። የመጋረጃ ሰፊዋ የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ ጣቷን ወደ ጉንጯ ሰደደችና ጫፉ የሟሟ ነጭ ክኒን አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችው። አክስትየው ክኒኑን መጸዳጃው ውስጥ ጣለች፤ ውኃውን ለቀቀች፤ ከቀሚሷ ኪስ ከረሜላ አውጥታ ለልጅቷ ሰጠቻት። ሁሉም ነገር ያለአንድ ቃል፣ በቅልጥፍና ተከናወነ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደረግ ነገር እንዲህ አይቀላጠፍም።

ጮኻ ልትገባ ነበር፤ ተወችው። ፎጣውን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ወደ ማድ ቤት ተመለሰችና ሊገነፍል የደረሰውን ሻይ አወረደች። የሰሞኑ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ መልክ እየያዘ መጣላት። መድኃኒቱ በተጀመረ ሰሞን ልጅቷ ደብተሯን ይዛ፣ እስክሪብቶዋን ሳትጥል ስትመለስ አይታ ነበር። ከዚያ ድንገት ሁሉ ነገር ወደነበረበት ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ ደወለ፤ ደግሞ ደወለ፤ በመጨረሻም ርዕሰ መምህሩ ራሱ ስልኩን ይዞ፣ ወይ መድኃኒቱን ያስተካክሉ ወይ ለልጅቷ ሌላ ትምህርት ቤት ይፈልጉ እስከ ማለት ደረሰ። እሷም ለሐኪሟ ደውላ መድኃኒቱ አልሠራላትም አለች። ሐኪሟ እንግዲያው መጠኑን ከፍ እናደርገዋለን፣ ይዘሻት ነይ ብላ ቀጠረቻት። ቀጠሮው ዛሬ ነው። በየማለዳው ወደ መጸዳጃው የሚገባው ክኒን አልሠራም ተብሎ፣ ጭራሽ ላልዋጠችው ልጅ ሌላ ሊጨመርባት ነበር ማለት ነው። ይህ ሲገባት ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

ልጅቷን ድምቢጥ የሚል ስም ያወጣችላት አክስቷ ናት። ገና መራመድ ስትጀምር አንድ ቦታ አርፋ የማትቀመጥ፣ ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ መስኮት ብር ብር የምትል ነበረች። ምግብ ጀምራ ትነሳለች፤ ወሬ ጀምራ ሌላ ወሬ ትጀምራለች፤ አንድ እግር ጫማ አድርጋ ሁለተኛውን ፍለጋ ሄዳ ጫማውንም ፍለጋውንም ትረሳለች። ቤት ውስጥ ይህ ሳቅ ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ሳቁ ስድብ ሆነ። መጨረሻ ላይ አንዲት አስተማሪ ሐኪም ብታሳዪያት ብላ መከረች፤ ከስንት ምልልስና ምርመራ በኋላ ሐኪሟ የትኩረት ችግር ነው፣ ኤዲኤችዲ ይባላል አለች። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ዛሬ ጠዋትም እናትየው ስልክ ደውላ የሆነውን ስትነግረው፣ በሞተሩ ድምፅ መሐል፣ አንቺም እህትሽም ለልጅቷ ክፉ አታስቡም፣ ተስማሙና አድርጉት አለ። መስመሩ ተቋረጠ። እሷም መልሳ አልደወለችም። ተስማሙ ማለት አንቺ ተሸከሚው ማለት እንደሆነ ካወቀች ቆይታለች።

ድምቢጥን ጫማሽን ፈልጊ ብላ ወደ መኝታ ክፍል ሰደደቻትና እህቷን ማድ ቤት አገኘቻት። እህቷ ቂጣ በሚመስል ደረቅ ዳቦ ላይ ማርማላታ እየቀባች ነበር። መጋረጃ ሰፊዋ በዚህች ሴት ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። እናታቸው የሞተች ጊዜ ታላቂቱ ገና ኮረዳ ነበረች፤ ታናሿን አጥባ፣ አብልታ፣ ፀጉሯን ጎንጉና ያሳደገች እሷ ናት። ባል አላገባችም፤ የራሷ ልጅ የላትም። አንድ ጊዜ ለምን ብትባል፣ አንዷ በቃችኝ ብላ ነበር የመለሰችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እትዬ?»

እህቷ አልካደችም። ቢላዋውን አስቀመጠች፤ እጇን ጠረገች። «ሳቋ ከጠፋ ጀምሮ» አለች።

ከዚያ ሆዷ ውስጥ የከረመውን ዘረገፈችው። ትኩሳት የላትም፤ አትሳልም፤ ምኗ ታሞ ነው መድኃኒት የምትጠጣው? ክኒኑን በዋጠች ቁጥር ከሰዓት በኋላ አንድ ጥግ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች፤ ሳህኗ እንደተሞላ ይመለሳል፤ ማታ እንቅልፍ የላትም። ልጅ እንድትረጋጋ ተብሎ ልጅነቷ ይወሰድ? ደግሞስ አንቺ ራስሽ እንዲህ አልነበርሽም ወይ፤ ከአንቺ የባሰ ቀዥቃዣ በሰፈሩ አልነበረም፤ ያለክኒን አደግሽ፤ ምን ሆንሽ?

«ምን እንደሆንኩማ ታውቂያለሽ» አለች ታናሺቱ።

ሁለቱም ምን እንደሆነች ያውቃሉ። ሰነፍ ተብላ፣ ኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ በማስመሪያ መዳፏ እየተመታ፣ አንድ ቀን ቦርሳዋን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥላ መጥታ ዳግም አልተመለሰችም። እጇ ሥራ ሲፈታ ስለማያርፍላት ስፌት ገባች፤ መኪናው ሲያጓራ አእምሮዋም አብሮት ቀጥ ብሎ ይሄድላት ነበር። ጎበዝ ሰፊም ሆነች። ነገር ግን እስካሁን ድረስ፣ ጽሑፍ የሞላበት ወረቀት ሲሰጧት መጀመሪያ የሚመጣባት የዚያ ማስመሪያ ድምፅ ነው። እህቷ ያንን ያየች፣ መዳፏን በቀዝቃዛ ውኃ ያጠበችላት ናት። ዳቦውን ወደ ሳህኑ ገፋችው።

«ልበሺ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

«የት ልሄድ?»

«ሐኪም ቤት። እዚህ ያልሽኝን እዚያ ትያለሽ።»

እህቷ እኔ ምን ልሠራ እዚያ ብላ አንገራገረች። ታናሺቱ ግን ኮቷን ከመስቀያው አውርዳ ዘረጋችላት፤ ክንዷ እስኪገባም ድረስ ዘርግታ ቆመች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳደገቻትን ሴት አለበሰቻት።

የሐኪም ቤቱ መጠበቂያ ክፍል ጠባብ ነው፤ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተከትለው ስለተደረደሩ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ይተያያል። ጥግ ላይ ውኃ የሌለው የውኃ ማጣሪያ ቆሟል፤ ከላዩ በፕላስቲክ የተሸፈነ የጥርስ አቦራረሽ ሥዕል ተለጥፏል። ድምቢጥ ሥዕሉን አየች፣ የማጣሪያውን ቧንቧ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ወንበር ስር ገብታ በሌላ በኩል ወጣች፤ የአንድ ሽማግሌ ከዘራ ሊወድቅ ሲል ይዛ መለሰችለት፤ ተመስግና ደግሞ ልትጥለው ደረሰች። ሰዉ ማየት ጀመረ። ማየት ብቻም አይደለም፤ የምላስ ጠቅታም ተሰማ። ሕፃን ያቀፈች አንዲት ወይዘሮ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ፣ እናት ያልቆነጠጠችው ልጅ እንዲህ ነው አለች። ሹክሹክታ ይመስላታል፤ ግን ክፍሉ ጠባብ ነው። ጎረቤቷ ደግሞ፣ ዘንድሮ ቁንጥጫም የለ፣ ክኒን ሰጥቶ ማስተኛት ነው እንጂ፤ እናቶቹ ለማረፍ ሲሉ ልጆቻቸውን ያደነዝዛሉ አለቻት።

ታላቂቱ እህት አንገቷን ደፋች። የልብሷን ቁልፍ ትነካካ ጀመር። መጋረጃ ሰፊዋ ይህን አየች፤ እህቷ የምትለውን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው እንዳፈረች ገባት። ሌላ ቀን ቢሆን እሷም አብራ አንገቷን ትደፋ ነበር። የስፌት ቤቱ ሴቶች የልጅቷን ነገር ሲጠይቋት፣ ለዓይኗ ነው ሐኪም ቤት የምንመላለሰው እያለች ነበር የከረመችው። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ውስጧ ተበጥሷል።

«ለትኩረት ችግር ነው የመጣነው» አለች፤ ድምጿ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ ግን ሳትቆጣ። «ክኒንም ትወስዳለች። የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መልስ አለኝ።»

የጠየቃት የለም። ወይዘሮዋ የሕፃኑን ካልሲ ማስተካከል ጀመረች። ከዘራ የያዘው ሽማግሌ ብቻ ለድምቢጥ ዓይኑን ጠቀሰላትና ከዘራውን እንድትይዝለት ሰጣት፤ እሷም ተራቸው እስኪደርስ በኩራት ይዛለት ቆመች።

ሐኪሟ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የምትሰካ፣ ድምጿ በጉንፋን የጎረነነ ትልቅ ሴት ናት። ድምቢጥን መዘነቻት፤ ቁመቷን፣ የልብ ምቷን፣ የደም ግፊቷን ለካች፤ ከዚያ የሚሽከረከረውን ወንበር ለቀቀችላት። ልጅቷ ተቀምጣ ትሽከረከር ጀመር። ሐኪሟም እንደተባባልነው ከፍ እናድርገው ብላ እስክሪብቶዋን ስታነሳ፣ መጋረጃ ሰፊዋ ይቆዩኝ ዶክተር አለቻትና የጠዋቱን ነገር ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን መልሳ አስቀመጠች።

«ልጨምርላት ነበር» አለች፤ ለራሷ የምትናገር ይመስል። «በትክክል እየዋጠችው ነው ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።» ወደ ታላቂቱ ዞረች። «እርስዎ ምን አይተው ነው?»

ታላቂቱ እህት ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ማድ ቤት ያለችውን ሁሉ ደገመችው፤ እንዲያውም ጨመረችበት፤ ልጅቷን ድንጋይ አደረጋችኋት አለች። ሐኪሟ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅላት፣ ያዩት ልክ ነው አለቻት፤ እንዲያ ፈዝዛ ጥግ የያዘች ልጅ መጠኑ በዝቶባታል ማለት ነው፤ ወይም ይኸኛው ዓይነት አልተስማማትም ማለት ነው። ይህንን እኔ በጊዜው ብሰማው ያኔውኑ እለውጠው ነበር። እርስዎ ግን ለመጸዳጃው ነገሩት እንጂ ለእኔ አልነገሩኝም፤ እኔ ደግሞ የማላየውን ልጨምር ነበር። የታላቂቱ እህት ፊት ላይ ቀስ እያለ የወጣው ነገር እፍረት ሳይሆን ፍርሃት ነበር፤ ምን ሊሆን እንደነበረ ገና አሁን ነው የታያት።

ወንበሩ መሽከርከሩን አቆመ። ድምቢጥ እግሮቿን አንጠልጥላ ሦስቱንም አየቻቸው።

«አክስቴን አትቆጧት» አለች። «አልቅሳ እኮ ነው።»

ሐኪሟ ማን ነው ያለቀሰው ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷም በራሷ መንገድ፣ ከአንዱ ወሬ ወደ ሌላው እየዘለለች፣ አስረዳች። አንድ ቀን እራት አልበላ ብሏት ተቀምጣ ሳለ አክስቷ ልታስቃት ብዙ ሞከረች፤ ዝሆን ሆነች፣ አሮጊት ሆነች፤ እሷም ለመሳቅ ፈልጋ ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣላትም። አክስቷ ወደ ማድ ቤት ሄዳ አለቀሰች። በማግስቱ ክኒኑን ስጪኝ ስትላት፣ እንዳታለቅስ ብላ ሰጠቻት። በቃ። ከረሜላው ኋላ የመጣ ነው።

መጋረጃ ሰፊዋ እህቷን ለማየት አልደፈረችም። እጇ ብቻ በራሱ ጊዜ ሄዶ የእህቷ ጉልበት ላይ አረፈ፤ እህቷም አልገፋችውም። ሐኪሟ አፍንጫዋን በመሀረብ ጠርጋ፣ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለችና ክኒኑን በምትውጪ ጊዜ ጭንቅላትሽ ውስጥ ምን ይሆናል አለቻት።

«ገበያው ይበተናል።»

«የምን ገበያ?»

«ሁሌ ጭንቅላቴ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ያወራል፤ እንደ ገበያ። ስውጠው ይበተናል፤ አስተማሪዋ ብቻ ትቀራለች። ጀምራ እስክትጨርስ ነው የምሰማት።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «ግን ሆዴ ይዘጋል። ሳቄም አብሮ ይሄዳል።»

«እና አንቺ የትኛውን ትፈልጊያለሽ? ገበያው እንዲበተን ነው ወይስ ሳቅሽን?»

«ሁለቱንም» አለች ድምቢጥ፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ፊት።

ሐኪሟ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። እስኪ ሁለቱንም እንፈልግልሻለን ብላ ለትልልቆቹ ያለውን ምርጫ ዘረዘረች። ያንኑ መድኃኒት በጣም ዝቅ አድርጎ ከቁርስ በኋላ መስጠትና ቀስ እያሉ ማየት አንዱ ነው። ከዚሁ ወገን ሆኖ ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ የሚፈታ፣ የትምህርቱን ሰዓት ሙሉ የሚዘልቅ አለ፤ አንዳንዱን ልጅ በድንገት ከማፍዘዝ ያድነዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ምግብ የሚዘጋበትን ሰዓት ያረዝምበታል። ከሌላ ወገን የሆነ፣ እንደዚህኛው አእምሮ የሚያነቃቃ ያልሆነ መድኃኒትም አለ፤ እሱ ሥራውን ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የራሱም ጣጣ አለው። ያለመድኃኒት መሞከርም ይቻላል፤ ያ ግን ምንም አለማድረግ ማለት አይደለም፤ ቤትም ትምህርት ቤትም ብዙ ሥራ አለው። የትኛውም ቢመረጥ፣ ክኒን ብቻውን ልጅ አያሳድግም፤ ወንበሯ ከአስተማሪዋ አጠገብ ይሁን፤ ሥራው በትንሽ በትንሹ ተቆርጦ ይሰጣት፤ እየተነሳች እንድትንቀሳቀስ ይፈቀድላት።

መጋረጃ ሰፊዋ ለወራት የፈራቻቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ሱስ ይሆንባታል? ልቧን ይጎዳታል? ዕድሜ ልኳን ነው? ሐኪሟ ለአንዳንዱ አይ አለች፣ ለአንዳንዱ እየተከታተልን እናያለን አለች፣ ለመጨረሻው አላውቅም አለች። አላውቅም የምትለው ነገር መኖሩ መጋረጃ ሰፊዋን ከሁሉ ይልቅ አሳመናት። ለአንድ አፍታ ግን ሁሉን እርግፍ አድርጋ መተው አማራት። ይቅር ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ እህቷ ደስ ይላታል፤ ባሏ ደህና አደረግሽ ይላል፤ መጠበቂያ ክፍል ያሉት ሴቶች ይመርቋታል። ልጅቷ ብቻ ገበያው መሐል ትቀራለች፤ እንደ እሷ፣ ኋላ ወንበር ላይ።

«ዝቅ አድርገን እንጀምር» አለች። «ሳቋ ከሄደ በማግስቱ እዚህ ነኝ። ያን ጊዜ ሌላውን እንሞክራለን። ሌላው ካልሆነም ሌላ።» ወደ ድምቢጥ ዞረች። «ካስጠላሽም ለእኔ ትነግሪኛለሽ። ጉንጭሽ ውስጥ አትደብቂም።»

ድምቢጥ ተስማማች፤ ወንበሩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለመጨረሻ፣ እንድትሽከረከርበት ከተፈቀደላት።

ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ የከሰዓት በኋላው ትምህርት ሊጀመር ነበር። ርዕሰ መምህሩ ከመግባቷ በፊት ውጤቱን አሳውቁኝ ብሎ ስለነበር ወደ ቢሮው አመሩ። እሱ ግን በረጅሙ ኮሪደር ላይ አገኛቸው፤ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ቁልፍ በእጁ የሚያንሿሿ፣ በትሕትና የሚናገር ሰው ነው። ቆመው ሰላምታ ሲለዋወጡ ድምቢጥ የእናቷን እጅ ለቃ ወደ ፊት ሮጠች፤ ከአንድ ክፍል በር ውጭ፣ የኮት መስቀያዎቹ ስር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ጠረጴዛና ወንበር ነበር። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ሰቀለች። ተቀመጠች። ደብተሯን አወጣች። እንዲህ ስታደርግ ምንም አልተደናገረችም፤ ቤቷ እንደገባች ሰው ነው የሆነችው።

መጋረጃ ሰፊዋን ንግግሩ አመለጣት። የሰውየው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ግን የምታየው የልጇን ጀርባና የግድግዳውን ቀለም ነው። ልጅቷ በተቀመጠችበት ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተሣሉ ወፎች አሉ፤ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ቦታ እስኪጠፋ። ያ ሁሉ ወፍ በአንድ ቀን አይሣልም።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች።

ርዕሰ መምህሩ አስረዳ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ እንዲያውም አዝኗል። ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፤ አስተማሪዋ ወጣት ናት፤ ልጅቷ በየደቂቃው ትነሳለች፣ ሰው ታወራለች፣ ዕቃ ትጥላለች፤ የሌሎቹም ወላጆች ቅሬታ አላቸው። እዚህ ስትሆን በሩ ክፍት ስለሆነ ትምህርቱን ትሰማለች፤ ጊዜያዊ ነው፤ መድኃኒቱ እስኪስተካከል ብለን ነው። ከዚያ ተስፋ ባለው ድምፅ ጠየቀ።

«ሐኪሟ ጨመረችላት?»

«ቀነሰችላት።»

ሰውየው ቁልፉን ማንሿሿቱን አቆመ። እንደዚያ ከሆነ እንግዲህ እኛ፣ ብሎ ጀመረ። መጋረጃ ሰፊዋ አላስጨረሰችውም። በሕይወቷ አስተማሪ አቋርጣ አታውቅም፤ ርዕሰ መምህር ደግሞ ከሩቁ ሲመጣ መንገድ የምትቀይር ልጅ ነበረች።

«ጌታዬ፣ ይህ መድኃኒት የሚሰጣት ትምህርቱን እንድትሰማ ነው። ለእናንተ ፀጥታ ብዬ ልጄን ክኒን አላስውጥም። ኮሪደር አስቀምጣችኋት ምኑን ትስማ?»

መልስም አልጠበቀችም። ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ ተነሺልኝ እናቴ አለቻት ልጇን፤ ደብተሩን ከላዩ አንስታ አስያዘቻትና ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ አነሳች። ጠረጴዛው የብረት እግር ያለው አሮጌ ነገር ነው፤ ከአንድ ወገን ተነሳ እንጂ ከሌላው ወገን ሲሚንቶውን እየፋቀ አስቀያሚ ድምፅ አወጣ። ርዕሰ መምህሩ ወይዘሮ፣ እባክዎ፣ እንዲህ አይሆንም፣ አሠራር አለው እያለ ተከተላት። እሷ ጎተተች። ጠረጴዛው የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ ተያዘ፤ አልነሳ አለ። ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ ዞረው ያያሉ። ፊቷ በሙቀት ቀላ፤ ወይ ተሸንፋ ትመለሳለች ወይ እዚያው ትቆማለች።

ያኔ ጠረጴዛው ቀለላት። ቀና ስትል ታላቅ እህቷ፣ ለሐኪም ቤቱ ብላ ባጠለቀችው ተረከዘ ረጅም ጫማዋ፣ ሌላኛውን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ዕቃ እንደምታጓጉዝ ሰው ብቻ ነው የምታየው።

«በየት በኩል ነው?» አለች።

«ፊት ለፊት። ሰሌዳው ጋ።»

ተሸክመው ገቡ። ተረከዙ እየተንቋቋ፣ አንዷ ወደ ኋላ እየሄደች፣ ሌላዋ ቀስ፣ ወደ ግራ፣ እያለች፣ በልጆቹ መሐል አለፉ። ወጣቷ አስተማሪ ጠመኔ እንደያዘች ፈዝዛ ስታያቸው ቆየች። ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩን አየች። ቀጥሎ ደግሞ ጠመኔውን አስቀምጣ ከፊት ያሉትን ቦርሳዎች በፍጥነት መሰብሰብ ጀመረች፤ አንዱን ወንበር በጉልበቷ ገፋ አደረገችና ቦታ ከፈተችላቸው። ሐኪሟ ከአስተማሪዋ አጠገብ ይሁን ብላለች አለቻት መጋረጃ ሰፊዋ። እየተነሳችም እንድትንቀሳቀስ፤ እኔ ሰሌዳ አጥፊ አድርጊያት እላለሁ፣ እጇ ሥራ ይፈልጋል። አስተማሪዋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እኔም ማስወጣቱን አልወደድኩትም ነበር አለች። ለምን አላልሽም የሚል ጥያቄ መጋረጃ ሰፊዋ አፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። እሷም እስከ ዛሬ ጠዋት ለዓይኗ ነው ስትል የኖረች ናት።

ድምቢጥ ወንበሯን ራሷ እየጎተተች መጣች፤ በመንገዷ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ጣለች፣ አንዱን አነሳች፤ ተቀመጠች። ወዲያው ተነሳች። ሰሌዳውን ነካችው። ተቀመጠች። አንድ ልጅ ከኋላ ሳቀ፤ እሷም ዞራ አብራው ሳቀች። የተቀነሰው መድኃኒት ገና አልተጀመረም፤ ነገም ከነገ ወዲያም ላይሠራ ይችላል፤ እናቷ ይህን ታውቃለች። ሰሌዳው ግን ከፊቷ ነው።

በሩ ላይ ርዕሰ መምህሩ ቆሞ ነበር። ይህ ጉዳይ በዚህ መንገድ እንደማይዘለቅ፣ በአስተዳደሩ እንደሚታይ፣ ነገ ጠዋት ጠረጴዛው የት መሆን እንዳለበት የሚወስነው ትምህርት ቤቱ እንደሆነ በትሕትና ነገራት።

«ይወስኑ» አለችው መጋረጃ ሰፊዋ። «እኔም ነገ እመጣለሁ። እሷን ኮሪደር ላይ ካገኘኋት የስፌት መኪናዬን አምጥቼ ከጎኗ ቁጭ እላለሁ። መጋረጃ የትም ይሰፋል። መኪናዬ ግን ይጮኻል።»

ሰውየው ሳቅ ያለ ነገር ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ዓይኗን ሲያይ ግን ተወው። በሩን ለቀቀላቸው።

ሁለቱ እህትማማቾች ከግቢው ወጥተው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። ማቆሚያው ላይ መቀመጫ የለም፤ አንድ የተሰበረ ማስታወቂያ ብቻ በነፋስ ይንኳኳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ታናሺቱ ወደ ስፌት ቤቱ ስትሄድ ያልተጨረሰ የሆቴል መጋረጃ ይጠብቃታል፤ ሴቶቹም የት ዋልሽ ይሏታል። የምትለውን ወስናለች፤ ልጄን ሐኪም ቤት ወስጄ፣ ለትኩረቷ ነው ትላለች፤ ከዚያ መኪናዋን ታስነሳለች።

እህቷ ወደ መንገዱ እያየች ተናገረች።

«አልተለወጥኩም፤ እንዳይመስልሽ። ያን ነገር አሁንም አልወደድኩትም።»

«አትውደጂው።»

«ካልበላችልኝ ዝም አልልም።»

«ዝም አትበይ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። «ለእኔ ንገሪኝ። ለዶክተሯም ንገሪያት፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ ያየሽው። ለልጅቷ ግን እንባሽን አታሸክሚያት፣ እትዬ። እሱ ከክኒኑ ይከብዳል።»

አንድ አውቶቡስ መጣ፤ የእነሱ አይደለም፤ ሄደ። እህቷ ጎንበስ ብላ የአንዱን እግሯን ጫማ አወለቀች፤ የተላጠውን ተረከዟን አሻሸች፤ ፊቷን አጨማደደች።

«ያ ሰውዬ ጠረጴዛውን መልሶ ቢያወጣውስ?» አለች።

«መልሰን እናስገባዋለን።»

«እንግዲያው» አለች ታላቂቱ፣ ጫማዋን በግድ መልሳ እያጠለቀች፣ «ነገ ዝቅ ያለ ጫማ ነው የማደርገው።»